የማይታዩ ጠሪዎች

የኮምፒዩተር ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው በሥራው ዘመን ሁሉ ደጋግሞ ከሚያነሣቸው ጥያቄዎች መካከል፣ እንደ ተራ ነገር ተቆጥሮ የሚታለፈው፣ ነገር ግን ጠለቅ ብሎ ለመረመረው ከሃይማኖትና ከፍልስፍና ጥያቄዎች ጋር አንድ ሥር ያለው፣ «ይህ ፋንክሽን ከየት ከየት ነው የሚጠራው?» የሚለው ነው። ለሙያው እንግዳ ለሆነ አንባቢ፣ ፋንክሽን ማለት አንድ የተወሰነ ሥራ እንዲፈጽም ተጽፎ፣ ስም ወጥቶለት፣ ሌላው የፕሮግራሙ ክፍል በፈለገው ጊዜ በስሙ እየጠራ የሚያሠራው የትእዛዝ ጥቅል ነው። የዚህ አሠራር ጠባይ ልብ ሊባል ይገባዋል፤ ጠሪው የተጠሪውን ስም በገጹ ላይ ይጽፋል፣ ተጠሪው ግን ማን እንደሚጠራው በራሱ ገጽ ላይ አንዳች አይጽፍም። ስለዚህ አንድን ፋንክሽን ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው አንብቦ የጨረሰ ሰው፣ እርሱ በማን ላይ እንደሚደገፍ ሁሉን ያውቃል፣ በእርሱ ላይ ግን ማን እንደሚደገፍ ምንም አያውቅም።

ፋንክሽኑ ሳይነካ እስከ ተቀመጠ ድረስ ጠሪዎቹ ስንትም ቢሆኑ የትም ቢሆኑ አያሳስብም። ሊለወጥ ወይም ሊጠፋ በታሰበ ጊዜ ግን በእርሱ ላይ የቆመው ሁሉ፣ የታወቀውም ያልታወቀውም፣ ከፍርዱ በታች ይወድቃል። በዚያን ጊዜ ጥያቄው የዕውቀት ብቻ መሆኑ ይቀርና የግብር ጥያቄ ይሆናል፤ በሥራዬ ላይ የተደገፉትን ሁሉ ሳላውቅ ሥራዬን ልለውጥ ይገባኛልን? ሁሉን ማወቅ የማይቻል ከሆነስ የመፈለግ ግዴታዬ እስከ ምን ድረስ ነው? እኔ በዚህ ጽሑፍ ልመልሰው የምሞክረው ይህን ሁለተኛውን ነው።

ነገሩ ከኮምፒዩተር ልደት ጋር አብሮ የተወለደ ነው። (ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር እጠቅሳለሁ።) በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ኤድሳክ የተባለው ማሽን በ1949 ሥራ በጀመረበት ወራት፣ ዴቪድ ዊለር የተባለው ወጣት ሊቅ፣ አንድ ጊዜ የተጻፈ የትእዛዝ ጥቅል ከብዙ ቦታ እየተጠራ ሥራውን ከፈጸመ በኋላ ወደ ጠራው ቦታ የሚመለስበትን ብልሃት አበጀ፤ ብልሃቱም እስከ ዛሬ በስሙ የዊለር ዝላይ ይባላል። ጠሪው ያለበትን ቦታ የሚያመለክት ቍጥር ይዞ ይሄዳል፣ ተጠሪውም ያን ቍጥር ተቀብሎ በራሱ መጨረሻ ላይ የመመለሻ ትእዛዝ አድርጎ ይተክለዋል። ዊለር ከሞሪስ ዊልክስና ከስታንሊ ጊል ጋር ሆኖ በ1951 ያወጣው መጽሐፍ፣ ፕሮግራምን ከእንዲህ ያሉ ጥቅሎች እያገጣጠሙ የመሥራትን ጥበብ ለሌሎች አስተማረ።

እንግዲህ ተጠሪው በሥራ ላይ ባለበት ቅጽበት ጠሪውን ያውቀዋል፤ ካላወቀው መመለሻ የለውምና። የሚያውቀው ግን በዚያች ሰዓት የጠራውን አንዱን ብቻ ነው፤ ሥራው ሲያበቃ ዕውቀቱ አብሮ ያልፋል፣ በቦታውም የሚቀጥለው ጠሪ ቍጥር ይተካል። የዛሬዎቹ ማሽኖች የመመለሻውን ቍጥር ስታክ በሚባለው የማስታወሻ ክፍል ይደራርቡታል እንጂ የነገሩ ባሕርይ አልተለወጠም። ያለፉትን፣ ያሉትንና ገና የሚመጡትን ጠሪዎች ሁሉ በአንድ እይታ ማየት ለፍጡር አልተሰጠም፤ ሊቃውንታችን ማእምረ ኅቡኣት፣ የተሰወረውን ዐዋቂ ብለው ለሚያመሰግኑት ለአምላክ የተጠበቀ ነው።

ይህ ማለት ግን ሰው እጁን አጣጥፎ ይቀመጥ ማለት አይደለም፤ አልተቀመጠምም። በ1973 በአሜሪካ በቤል ላቦራቶሪስ ኬን ቶምፕሰን ግሬፕ የተባለውን መሣሪያ ሠራ፤ አንድ ስም ሲሰጡት ስሙ ያለበትን መስመር ሁሉ ከብዙ ፋይል ውስጥ ለቅሞ የሚያወጣ ነው። ከእርሱ በፊት ግን ይህን ድካም የደከሙ መነኮሳት ነበሩ። በ13ኛው መቶ ዓመት በፓሪስ፣ በቅዱስ ያዕቆብ ገዳም የነበረው ዶሚኒካዊው መነኵሴ ሂዩ ዘሳን ሼር ከወንድሞቹ ጋር ሆኖ፣ የላቲኑን መጽሐፍ ቅዱስ ቃላት በፊደል ተራ እየደረደረ፣ እያንዳንዱ ቃል በየትኛው መጽሐፍ፣ በየትኛው ምዕራፍ፣ በምዕራፉም በየትኛው ክፍል እንደሚገኝ የሚያመለክት መዝገብ አዘጋጀ። ያ የመጀመሪያው መዝገብ ቦታውን እንጂ በቃሉ ዙሪያ ያለውን ንባብ አይጽፍም ነበርና፣ አንባቢው ቦታውን ሁሉ አንድ በአንድ እየገለጠ ማየት ግድ ሆነበት፤ በኋላ የመጡት የእንግሊዝ ዶሚኒካውያን ንባቡን ሲጨምሩበት ደግሞ መዝገቡ ከልክ በላይ ገዘፈ። ዛሬ የፍለጋ ውጤት በመስታወቱ ላይ ሲዘረዘርለት የሚያየው ሰው ከዚያው ችግር ጋር ይገናኛል፤ ውጤቱ ሲያጥር ትርጕሙ ይጎድላል፣ ሲረዝም ልብ ይደክማል።

በአገራችን እንዲህ ያለው መዝገብ በሰው ልብ ላይ ተጽፎ ኖሯል። የብሉይን፣ የሐዲስን፣ የሊቃውንትንና የመነኮሳትን ትርጓሜ ጠንቅቆ ዐውቆ አራት ዓይና የተባለው መምህር፣ ደቀ መዝሙሩ አንድ ቃል ሲያነሣለት ቃሉ በሌላ መጽሐፍ በምን አኳኋን እንደመጣ፣ በዚያም ምሥጢሩ ከዚህኛው በምን እንደሚለይ ከልቡ ያወጣለታል። ያዕቆብ የሚለውን ስም የሚፈልግ ሰው የይስሐቅን ልጅ፣ የዘብዴዎስን ልጅና የእልፍዮስን ልጅ በአንድነት ያገኛል፤ ግሬፕም ከዚህ የበለጠ አያደርግም፣ ስሙን እንጂ ባለ ስሙን አያውቅምና። መምህሩ ግን የትኛው ያዕቆብ እንደሆነ ይለያል። በ2016 ማይክሮሶፍት ያወጣው ላንጉዌጅ ሰርቨር ፕሮቶኮል የሚባለው ሥርዓትም፣ ጽሑፉን እንደ ፊደል ክምር ሳይሆን እንደ ቋንቋ የሚያነብ አገልጋይ ፕሮግራሙ ከሚጻፍበት አርታኢ ጋር እየተነጋገረ ሁለት ሞክሼዎችን እንዲለይ፣ የአንዱንም ጠሪዎች ብቻ ነጥሎ እንዲያሳይ መንገድ የጠረገ ነው።

ይህም ሁሉ ሆኖ የሚያመልጥ ጠሪ አለ። አንዱ ፋንክሽኑን በስሙ ሳይጠራ ለሌላ አሳልፎ ይሰጠዋል፣ ተቀባዩም በሌላ ስም ይጠራዋል። ሌላው የፋንክሽኑን ስም ከሁለት ከተቈራረጡ ቃላት ፕሮግራሙ በሚሠራበት ሰዓት አጋጥሞ ይፈጥረዋል፣ ሙሉው ስም በጽሑፉ ውስጥ የትም ሳይገኝ። ሌላው ደግሞ ስሙን ከዳታቤዝ ወይም ከኮንፊገሬሽን ፋይል ያነባል። ፈላጊው እነዚህን ሁሉ ሳያይ «ምንም አልተገኘም» የሚል መልስ ይደርሰዋል። እኔ ከመልሶች ሁሉ ይልቅ ይህን መልስ እፈራዋለሁ፤ የመሣሪያውን ዐቅም የሚናገር ቃል ሆኖ ሳለ የዓለሙን እውነት የሚናገር ይመስላልና።

የችግሩ ምክንያት የመሣሪያ ድህነት ብቻ ቢሆን ኖሮ ዘመን ሲሻሻል ይቃለላል ብለን ተስፋ እናደርግ ነበር። አለን ቱሪንግ ግን በ1936 ባወጣው ጥናቱ ተስፋው ድንበር እንዳለው አሳየ። ከቱሪንግ ማስረጃዎች አንዱ እንዲህ የሚል ነው፤ ማንኛውም ማሽን ቢቀርብለት፣ ያ ማሽን አንድን የተወሰነ ምልክት ከቶ ይጽፍ ወይም አይጽፍ እንደሆነ ሳይሳሳት የሚወስን፣ ለማሽኖች ሁሉ የሚያገለግል አንድ ዘዴ ሊኖር አይችልም። በምልክቱ ፈንታ የፋንክሽን ጥሪን ብናስገባ የእኛን ጥያቄ በቀጥታ ይመልስልናል። በጽሑፍ ላይ የሰፈረውን ስም ማግኘት ይቻላል፤ ያ ጥሪ በእውነት አንድ ቀን ይፈጸማልን ለሚለው ግን ለሁሉ የሚሆን መልስ የሚሰጥ ጥበብ አልተገኘም፣ አይገኝምም። የኮምፒዩተር ሳይንስ ገና ማሽኖቹ ሳይሠሩ የራሱን ድንበር በራሱ ማስረጃ ማወቁ፣ ለእኔ በዚያ መቶ ዓመት ከተደረጉት የትሕትና ሥራዎች እጅግ ከከበሩት አንዱ ሆኖ ይታየኛል።

ነገሩ በመጻሕፍት ብቻ እንዳይቀር፣ በአደባባይ የታወቀውን የናይት ካፒታልን ታሪክ አነሣለሁ። ይህ የአሜሪካ የአክሲዮን ንግድ ኩባንያ በፕሮግራሙ ውስጥ ፓወር ፔግ የተባለ አሮጌ የሥራ ክፍል ነበረው። በ2003 አገልግሎቱ ቆመ፤ ትእዛዞቹ ግን አልተሰረዙም፣ የሚጠራቸው ቢገኝ ለመነሣት የተዘጋጁ ነበሩ። በ2005፣ የተፈጸመውን ግዢና ሽያጭ እየቈጠረ የደንበኛው ትእዛዝ ሲሞላ «በቃ» የሚለው ክፍል በፕሮግራሙ ውስጥ ከነበረበት ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረ፤ ከዝውውሩ በኋላ ፓወር ፔግ ቢጠራ ምን እንደሚያደርግ የመረመረ አልነበረም። በ2012 የኒው ዮርክ የአክሲዮን ገበያ አዲስ የንግድ ሥርዓት ሊጀምር ሲል፣ ኩባንያው ለዚያ የሚሆን አዲስ ኮድ ጻፈ፤ የአዲሱም መቀስቀሻ እንዲሆን ቀድሞ ፓወር ፔግን ይቀሰቅስ የነበረውን ያንኑ ምልክት መልሶ ተጠቀመበት። አሳቡ አሮጌው ጠፍቶ አዲሱ በቦታው እንዲገባ ነበር። ነገር ግን አዲሱ ኮድ በስምንት ሰርቨሮች ላይ መጫን ሲገባው በሰባቱ ተጭኖ በአንዱ ቀረ፤ ሥራውንም ሁለተኛ ሰው አላየውም።

ኦገስት 1 ቀን 2012 ገበያው ሲከፈት ያን ምልክት የያዙ ትእዛዞች መምጣት ጀመሩ። በሰባቱ ሰርቨሮች አዲሱን ሥራ አስነሡ፤ በስምንተኛው ግን ከዘጠኝ ዓመት በፊት ያረፈውን ቀሰቀሱት። «በቃ» የሚለው ቈጣሪ ከስፍራው ተነሥቷልና ፓወር ፔግ ማቆሚያውን አላወቀም፤ በ45 ደቂቃ ውስጥ ከ212 ትንንሽ የደንበኞች ትእዛዞች ተነሥቶ በ154 ዓይነት አክሲዮኖች ላይ ከ4 ሚሊዮን በላይ ግብይት ፈጸመ፣ ኩባንያውም ከ460 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከሰረ። ከሁሉ የሚያሳዝነው ደግሞ የመድኀኒቱ ነገር ነው፤ ሠራተኞቹ በጭንቀት ውስጥ ሆነው ጥፋቱን የሠራው አዲሱ ኮድ ነው ብለው በመገመት በትክክል ከተጫነባቸው ከሰባቱ ሰርቨሮች ላይ አነሡት፣ በዚህም ለአሮጌው ጥሪ ሰባት ተጨማሪ በር ከፈቱለት። ገበያው ከመከፈቱ በፊት ፓወር ፔግን በስሙ የሚጠቅሱ 97 የኢሜል መልእክቶች ከራሱ ከሥርዓቱ ወጥተው ለሠራተኞች ደርሰው ነበር። መልእክቶቹ እንደ ማስጠንቀቂያ ተብለው የተዘጋጁ አልነበሩምና በጊዜው የተመለከታቸው አልተገኘም።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ክፉ ሰው አላየሁም፤ የሚያስጨንቀኝም ይኸው ነው። ጠሪው በስም አልመጣም፣ ትርጕሙ በተለወጠ ምልክት ውስጥ ሆኖ መጣ፤ ተጠሪውም ከጠሪዎቹ መዝገብ ከጠፋ ዘመን ቈጥሮ ነበር። ጥፋቱ የተሠራው ባለማወቅ ነው ማለት ይቻላል። ግን ያላወቀ ሰው ንጹሕ ነውን? ለዚህ ጥያቄ የኦሪት ሕግ የሰጠው መልስ የጠለቀ ነው። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 4 ባለማወቅ ለተሠራ ኀጢአት መሥዋዕት ታዝዟል፤ አለማወቅ በደሉን አያጠፋውም፣ አበሳው ሲታወቅ ግን መባውን ይዞ መቅረብ ይገባል። ሕጉ ደግሞ ሰውን ሁሉ በአንድ አይመዝንም፤ የተቀባው ካህን ቢስት ወይፈን ያቀርባል፣ አለቃው ቢስት ተባዕት ፍየል፣ ከሕዝብ አንዱ ቢስት ደግሞ እንስት ፍየል ወይም እንስት በግ። እኔ ይህን ሥርዓት ሳነብ የምረዳው፣ ብዙዎች የሚደገፉበት ሰው ባለማወቁም ቢሆን የሚጠየቀው እንደ ተደጋፊዎቹ ብዛትና እንደ ማዕርጉ ክብደት መሆኑን ነው። በቤተ ክርስቲያናችንም ጸሎት ዐውቀን ለሠራነው ብቻ ሳይሆን ሳናውቅ ለሠራነውም ስርየት የምንለምነው በከንቱ አይደለም።

እንግዲህ በሙሉ ማወቅ የማይቻል፣ ባለማወቅም መሳት የሚያስጠይቅ ከሆነ፣ በመካከል የቆመው ሰው በምን ሕግ ይሂድ? የምዕራብ ቤተ ክርስቲያን የሥነ ምግባር ሊቃውንት በዚህ ጥያቄ ላይ ረዥም ዘመን ተከራክረዋል። በ1577 የሳላማንካው ዶሚኒካዊ ባርቶሎሜ ዴ ሜዲና፣ ሰው በጥርጣሬ ጊዜ ተቃራኒው አሳብ ይበልጥ የሚመስል ቢሆንም እንኳ በቂ ምክንያት ያለውን አሳብ መከተል ይፈቀድለታል ብሎ አስተማረ፤ ትምህርቱም ፕሮባቢሊዝም ተባለ። ብሌዝ ፓስካል በ1656 እና በ1657 ባወጣቸው መልእክቶች ይህ መንገድ ኅሊናን ያላላል ብሎ ክፉኛ ነቀፈው። በሌላው ወገን የቆሙት ጥብቆች ደግሞ፣ ጥርጣሬ ባለበት ሁሉ ከአደጋ የሚጠብቀውን መንገድ ብቻ መያዝ ይገባል አሉ፤ የዚህንም ጽንፍ በ1690 የሮማው ጳጳስ እስክንድር 8ኛ አወገዙት። ፕሮባቢሊዝምን የተቀበሉት እንኳ ሳይስማሙ ያልቀሩበት አንድ ነገር ግን አለ፤ በጫካ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገር አይቶ አውሬ ይሁን ሰው ያልለየ አዳኝ፣ አውሬ ይመስለኛል በሚል ግምት ቀስቱን ሊለቅ አይፈቀድለትም፤ የሌላ ሰው ነፍስ በአደጋ ላይ ባለችበት ስፍራ ግምት አይበቃምና።

ይህ ክርክር ለፕሮግራመሩ ኅሊና የተዘጋጀ ያህል ሆኖ አገኘዋለሁ። የጥብቆችን መንገድ እስከ መጨረሻው የሚከተል ሰው አንዲት መስመር መሰረዝ አይችልም፤ «ምናልባት የሚጠራው ይኖራል» የሚለው ቃል ለሁሉ ይሠራልና፣ ፕሮግራሙ በሞቱና ባልተቀበሩ ፋንክሽኖች ይሞላል፤ ፓወር ፔግም የተነሣው ከእንዲህ ዓይነቱ መቃብር መሆኑን ማስታወስ ይገባል። የልሎቹን መንገድ የሚከተል ደግሞ ፍለጋው ባዶ በተመለሰ ቍጥር ይሰርዛል። እኔ የምይዘው መለኪያ ሌላ ነው። ጠሪዎቹ ስንት እንደሆኑ ከመቍጠር ይልቅ፣ ያልታየ ጠሪ ቢኖር የሚጐዳው ማንና ምን ያህል እንደሆነ መጠየቅ ይቀድማል። በአንድ ገጽ ላይ ያለውን የቀለም ዓይነት የሚወስን ፋንክሽን በግምት ቢሰረዝ ጥቂት ሰው ለጥቂት ሰዓት ያዝናል፤ የመድኀኒት መጠን የሚያሰላ ወይም የሰውን ገንዘብ የሚያንቀሳቅስ ፋንክሽን ግን የአዳኙ ጫካ ነው። በዚያ «አልተገኘም» የሚለው መልስ የፍለጋ መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ አይሆንም፤ ፋንክሽኑ በእውነተኛው ሥራ ላይ ሳለ በተጠራ ቍጥር የጠራውን እንዲመዘግብ አድርጎ፣ የወሩን መጨረሻና የዓመቱን መዝጊያ የመሰለው ብርቅ ጊዜ እስኪያልፍ መጠበቅ ያስፈልጋል። በዓመት አንድ ጊዜ የሚመጣ ጠሪ፣ በየቀኑ ከሚመጣው ያነሰ መብት የለውም።

ከዚህም የሚከብደው ጠሪዎቹ በሌላ ሰው ቤት በሚሆኑበት ጊዜ ነው። ሥራውን ለዓለም ክፍት አድርጎ የለቀቀ ጸሓፊ የቱንም ያህል የራሱን ኮድ ቢመረምር ጠሪዎቹን አያገኝም፤ በማያውቃቸው አገሮች፣ በማያነባቸው ፕሮግራሞች ውስጥ ናቸውና። በማርች 2016፣ በቃል ግራ በኩል ክፍተት ከመጨመር በቀር ሌላ ሥራ ያልነበራት ሌፍት ፓድ የተባለች የ11 መስመር ጥቅል በባለቤቷ ውሳኔ ኤንፒኤም ከተባለው የጋራ የጥቅሎች መዝገብ ስትወጣ፣ በዓለም ዙሪያ እጅግ ብዙ ፕሮግራሞች መገንባት አቃታቸው፤ አብዛኞቹም ባለ ፕሮግራሞች በስሟ ጠርተዋት አያውቁም፣ የሚጠሩት የሚጠራው ሌላ ይጠራት ነበር እንጂ። ባለቤቷ የራሱን ሥራ የማንሣት መብት ነበረው ብዬ አምናለሁ። ነገር ግን መብትና ዕዳ በአንድ ሰው ላይ አብረው ሊያድሩ ይችላሉ፤ ሥራን ለሰው ሁሉ አበርክቶ መስጠት፣ ባለ ዕዳ የሚያደርጉንን፣ ፊታቸውን የማናያቸውን ሰዎች በፈቃድ መቀበል ነውና።

ለማይታይ ጠሪ የሚከፈለው ዕዳ ምን እንደሚመስል ከጃቫ ቋንቋ ባለቤቶች መማር ይቻላል ብዬ አስባለሁ። በዚያ ቋንቋ ትሬድ የሚባለውን የሥራ ክር በግድ የሚያቋርጥ ስቶፕ የተባለ ፋንክሽን ነበረ፤ ክሩ በመካከል ሲቈረጥ ይዞት የነበረው መቈለፊያ ሁሉ በአንድ ጊዜ ስለሚለቀቅ፣ በከፊል የተለወጠ መረጃ ለሌሎች ይጋለጣል። አደገኛነቱ ታውቆ በ1998 «አትጠቀሙበት» የሚል ምልክት ተደረገበት፤ የሚጠራውም ሰው ፕሮግራሙን ባዘጋጀ ቍጥር ማስጠንቀቂያው ይደርሰው ነበር። ፋንክሽኑ ግን በዚያው ዓመት አልተወሰደም፣ በሚቀጥለውም አልተወሰደም። በ2023 በወጣው 20ኛው የጃቫ ዕትም ብቻ ሲጠራ ሥራውን ከመፈጸም ይልቅ እንቢ ብሎ ስሕተት እንዲመልስ ተደረገ። ጐጂ መሆኑ በተረጋገጠ ነገር ላይ እንኳ 25 ዓመት ያህል መታገሥ ለብዙዎች የበዛ ይመስላቸዋል፤ ለእኔ ግን፣ በዚያ ዘመን ሁሉ በየባንኩና በየመሥሪያ ቤቱ ማንም በስም ሳያውቃቸው ያን ፋንክሽን ሲጠሩ ለኖሩት ፕሮግራሞች የተሰጠ ተገቢ ጊዜ ነው።